ሥልጣንና አደራ፦ የድሮውን ቅዳሴ የምንወድ የድሬና የሐረር ካቶሊኮች ለሮም እስከ የት እንታዘዛለን?

ፍሬምናጦስ ዘድሬ (ክሩን የከፈተ) · ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጉዳዩ ሲከማችብኝ ቆይቶ ነው ዛሬ የምጽፈው፤ ረዘም ይላልና ታገሱኝ። ዓመቶቹን «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዷቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ቆመን የምናወራው ወሬ ተቀይሯል። ቀድሞ ስለ መዘምራን ልምምድ፣ ስለ ትምህርተ ክርስቶስ ክፍል፣ ስለ ሰው ሠርግ ነበር። አሁን በቴሌግራም የሚመጣው ቪዲዮ ነው። አንዱ «አዲሱ ቅዳሴ የፕሮቴስታንት ጸሎት ነው» ይላል። ሌላው «ፒዮስ 12ኛ በ1958 ካረፉ ወዲህ በጴጥሮስ መንበር የተቀመጠ የለም» ይላል። አንድ የማከብረው ወንድም ደግሞ ቤተ ክርስቲያን መምጣቱን ትቶ፣ እሑድ ጠዋት ሳሎኑ ውስጥ ከአውሮፓ የሚተላለፍ የላቲን ቅዳሴ በስልክ ይከታተላል። ቁርባን የለ፣ ኑዛዜ የለ። ቤቱ ከደብራችን በባጃጅ አንድ መስመር ነው።

የት እንደቆምኩ ልናገር። የድሮውን የላቲን ቅዳሴ እወዳለሁ። ዝምታውን፣ ካህኑና ሕዝቡ አብረው ወደ መሠዊያው መዞራቸውን፣ ለቅዱስ ቁርባን መንበርከኩን እወዳለሁ። በሐምሌ 2021 የድሮውን ቅዳሴ የገደበው፣ «ትራዲቲዮኒስ ኩስቶዴስ» የተባለው የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት (ር.ሊ.ጳ.) ፍራንቸስኮስ ደብዳቤ ሲወጣ አዘንኩ፤ ዛሬም አዝናለሁ። ር.ሊ.ጳ. በነዲክቶስ 16ኛ በ2007 በሰፊው የፈቀዱትን፣ ለቀደመው ትውልድ ቅዱስ የነበረው ለእኛም ቅዱስ ነው ብለው የመሰከሩለትን ሥርዓት ከደብር አብያተ ክርስቲያናት ማስወጣት ታማኝ ልጆችን መጉዳት ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን መናገር ደግሞ አመፅ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሕግ ራሱ በአንቀጽ 212፣ ምእመናን ለቤተ ክርስቲያን ይበጃል የሚሉትን ለእረኞቻቸው በአክብሮት መግለጥ መብታቸው፣ አንዳንዴም ግዴታቸው ነው ይላል።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን ወጣቶቻችን የሚሄዱበት መንገድ ያስፈራኛል። የቫቲካን አንደኛ ጉባኤ በሐምሌ 1870 ያወጣውን «ፓስቶር ኤተርኑስ» ሁሉም ይጠቅሰዋል፤ የሚያነበው ግን የሚመቸውን ገጽ ነው። ምዕራፍ 4 እንዲህ ይላል፦ ለጴጥሮስ ተተኪዎች መንፈስ ቅዱስ የተሰጠው አዲስ ትምህርት እንዲያወጡ አይደለም፤ ከሐዋርያት የወረደውን የእምነት አደራ በቅድስና እንዲጠብቁና በታማኝነት እንዲያስረዱ ነው። ይህ ለእኛ ትልቅ ጋሻ ነው። የሮም ጳጳስ አደራ ጠባቂ እንጂ የእምነቱ ባለቤት አይደለም ማለት ነው። አሁን አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ግለጡ። ምዕራፍ 3፣ ከየትኛውም ሥርዓትና ማዕረግ የሆነ እረኛና ምእመን ሁሉ በእምነትና በምግባር ብቻ ሳይሆን በቤተ ክርስቲያን ደንብና አስተዳደርም ለጳጳሱ ሊታዘዝ ይገባዋል ይላል። ያው ጉባኤ፣ ያው ሰነድ፣ ያው ቀን። የአባቶችን እምነት ሳንቀንስ ይዘናል የምንል ሰዎች ምዕራፍ 4ን ይዘን ምዕራፍ 3ን ልንቀድደው አንችልም።

ለእኛ ለሐረርጌ ካቶሊኮች ደግሞ ነገሩ ይጠብቃል። ሐረር ሐዋርያዊ ቪካሪያት ነው። መደበኛ ሀገረ ስብከት ያለው ጳጳስ መንጋውን በራሱ ሥልጣን ይጠብቃል፤ የሐረሩ ግን በአንቀጽ 371 መሠረት በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ስም ነው የሚያስተዳድረው። አቡነ ማስያስ በ1846 ሲላኩ፣ በኋላም አቡነ ቶሪንና አቡነ እንድርያስ ጃሮሶ ሐረር ሲቀመጡ፣ የላካቸው ሮም ነው። ጥምቀታችን በዚያ በር ነው የገባው። እንግዲህ «መንበሩ ባዶ ነው» የሚል የድሬ ልጅ ይንገረኝ፦ የደብራችን ካህን ኑዛዜ እንዲያናዝዝ ፈቃዱን ከማን አገኘ?

ጥያቄዬ ይህ ነው። ሥልጣኑ ያዘዘው ነገር ሲያሳዝነን፣ ትውፊትን ሳንለቅ ከመንበሩም ሳንለይ የምንቃወመው እንዴት ነው?

ፒዮስ_5

ወንድሜ፣ በስምህ እጀምራለሁ፤ ክርክርህን የሚፈትነው እሱ ነውና።

አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ የላከልን ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። አትናቴዎስ ከመንበሩ አምስት ጊዜ ተሰዷል። ንጉሠ ነገሥቱ ቆንስታንትዮስ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ፤ ፍሬምናጦስን ወደ እስክንድርያ ስደዱት፣ በአትናቴዎስ ቦታ የገባው ጊዮርጊስ ይመርምረው የሚል። ደብዳቤውን አትናቴዎስ ራሱ በጽሑፉ ውስጥ አኑሮልናል። ያን ጊዜ ቤተ መንግሥቱም፣ ብዙው የምሥራቅ ጳጳስም በአንድ ወገን ነበሩ። እውነት ግን በስደተኛው ዘንድ ነበረች። አክሱም ማኅተም አይታ ብቻ ታዝዛ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የአርዮስ ልጆች በሆንን ነበር። ቅዱስ ጳውሎስም ጴጥሮስን በአንጾኪያ ፊት ለፊት ተቃውሞታል፤ ገላትያ 2፥11ን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጴጥሮስ ጴጥሮስነቱን አላጣም፣ ጳውሎስም አልተወገዘም።

ሊቀ ጳጳስ ማርሴል ለፌቭርን «አመፀኛ» ከማለታችሁ በፊት ማን እንደሆኑ እወቁ። ወጣትነታቸውን በጋቦን በሚሲዮናዊነት ያሳለፉ፣ በኋላ የዳካር ሊቀ ጳጳስ የሆኑ፣ አፍሪካን የሚያውቁ አባት ናቸው። የድሮውን ቅዳሴ የያዘውን የቅዱስ ፒዮስ 10ኛን ማኅበር በ1970 ሲመሠርቱ በጳጳስ ፈቃድ ነበር። በግንቦት 1988 ከካርዲናል ራትዚንገር (በኋላ በነዲክቶስ 16ኛ) ጋር ስምምነት ፈርመው በማግሥቱ ተዉት፤ ጊዜ እየተገዛ እሳቸው እንደሚያልፉና ማኅበሩ ያለ ጳጳስ እንደሚቀር አይተዋልና። ሰኔ 30 ቀን ያለ ሮም ፈቃድ አራት ጳጳሳት ሾሙ። ያ ባይሆን ኖሮ የ2007ቱ ፈቃድ ይመጣ ነበር? በ2009 በአራቱ ላይ የነበረው ውግዘት ተነሣ። በ2015 ፍራንቸስኮስ ራሳቸው ለማኅበሩ ካህናት የማናዘዝ ሥልጣን ሰጡ፣ በኋላም ገደቡን አነሡት። ተገንጣዮች ከሆኑ ይህ ሁሉ ለምን?

በታኅሣሥ 2023 የተመሳሳይ ፆታ ጥንዶችን ስለ መባረክ «ፊዱቺያ ሱፕሊካንስ» የተባለው የሮም ሰነድ ሲወጣ ምን እንደተሰማን አትርሱ። ከዚራ ከሻይ ቤት እስከ መሥሪያ ቤት ያልጠየቀኝ የለም። ሙስሊም ጎረቤቴ፣ አብረን ያደግን ሰው፣ በወንድምነት አንገቱን ደፍቶ «እውነት ነው እንዴ ቤተ ክርስቲያናችሁ ይህን ትባርካለች?» አለኝ። በሚቀጥለው ወር የአፍሪካ ጳጳሳት በጋራ መግለጫ ባህላችንም እምነታችንም አይፈቅድም አሉ። እነሱም አልታዘዙም እኮ! እነሱን «ጀግኖች» ብለን ለፌቭርን «ተገንጣይ» የምንለው በምን ሚዛን ነው?

ጅቡቲ_ነዋሪ

የጎረቤቱ ነገር እዚህም ያው ነው። ያን ሰሞን መልስ ያገኘሁት የአፍሪካ ጳጳሳትን መግለጫ አትሜ ሳሳይ ነው። ሰው ከዚያ በኋላ ዝም አለ።

ፍሬምናጦስ ዘድሬ

ፒዮስ፣ ጥሩ ጽፈሃል፤ የአትናቴዎስን ነገር ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ ስሙንም የመረጥኩት ለዚያ ነው። ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻ እንሂድበት። አትናቴዎስ የእስክንድርያ ሕጋዊ ጳጳስ ነበር። ያለ ፈቃድ የገባው ጊዮርጊስ ነው። አትናቴዎስ ከዚያ ቀደም ሲል በተገፋ ጊዜስ ወዴት ሄደ? ወደ ሮም፤ ወደ ር.ሊ.ጳ. ዮልዮስ። በዚያ በተደረገው ጉባኤ ነፃነቱ ተመሰከረለት። የር.ሊ.ጳ. ሊቤርዮስን በአርዮሳውያን ፊት መድከምም ሰዎች ያነሣሉ፤ ነገር ግን በዚያ ምክንያት አትናቴዎስ ለሮም ሌላ ጳጳስ አልሾመም፣ «መንበሩ ሞቷል» ብሎም አልጻፈም። ምሳሌነቱ ለአንተ የሚጸናው ግማሹ ብቻ ነው።

የአፍሪካ ጳጳሳትም እንዲሁ። የአፍሪካ ጳጳሳት ኅብረት ሊቀ መንበር ካርዲናል አምቦንጎ ከየሀገሩ የጳጳሳት ጉባኤ ሐሳብ ሰበሰቡ፣ ወደ ሮም ይዘው ሄዱ፣ ከእምነት ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ጋር ተቀምጠው ተነጋገሩ፣ የጥር 11 ቀን 2024 መግለጫቸውም ፍራንቸስኮስ እንደተስማሙበት በግልጽ ጽፎ ነው የወጣው። በጓሮ በር ወጥተው አልሾሙም፣ አልቀደሱም። ፊት ለፊት «አይሆንልንም» አሉ፤ መንበሩም ሰማቸው። ጳውሎስ በአንጾኪያ ያደረገው ይህንኑ ነው።

የ1988ቱ ለእኔ የተለየ ነው። ጳጳስ ያለ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ፈቃድ መሾም ሐሳብ መግለጥ አይደለም፤ የሥልጣንን ምንጭ በእጅ ማንሣት ነው። ያን ጊዜ ከማኅበሩ ወጥተው የቅዱስ ጴጥሮስን ወንድማማችነት የመሠረቱ ካህናት የድሮውን ቅዳሴ ሳይለቁ ከሮም ጋር ቆዩ። እስከ ዛሬ በዚያው ሥርዓት ይቀድሳሉ፤ ከ2021 በኋላም ፍራንቸስኮስ ለእነሱ ፈቃዱን አጽንተውላቸዋል። መንገድ አልነበረም ማለት አይቻልም።

ትሬንት_ብቻ

ሁለታችሁም ግማሽ መንገድ ላይ ናችሁ። የሮም ጳጳስ በሃይማኖት ሊሳሳት አይችልም ካላችሁ፣ በቫቲካን ሁለተኛ ጉባኤያቸው ስሕተት ያስተማሩ ሰዎች የሮም ጳጳሳት አልነበሩም። ቀላል ነው። ከ1958 በኋላ ያለው ሁሉ ባዶ ነው፤ ቅዳሴውም፣ ሹመቱም። እውነተኛ ካቶሊክ ቤቱ ተቀምጦ መቁጠሪያውን ይድገም።

ወለተ ጽዮን (ሐረር)

ልጄ፣ በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል የማስተምር ሰው ነኝ፤ እንደ እናት ስማኝ ብዬ ነው የምጽፍልህ።

አንደኛ፣ የ1870ው ጉባኤ ያለው ጳጳሱ በማንኛውም ንግግሩ አይሳሳትም አይደለም። ከመንበሩ ሆኖ፣ እንደ ሁሉ እረኛና መምህር፣ የእምነት ወይም የምግባር ትምህርትን መላ ቤተ ክርስቲያን እንድትይዘው በፍጹም ውሳኔ ሲደነግግ ነው። ከዚያ ጉባኤ ወዲህ እንዲህ ያለው ድንጋጌ በግልጽ የታየው በ1950 የእመቤታችን ዕርገት ነው። ቃለ መጠይቅ፣ የአውሮፕላን ላይ ንግግር፣ የመጋቢነት መመሪያ ሁሉ በዚያ ሚዛን አይመዘንም። ሁለተኛ፣ ያው ጉባኤ ጴጥሮስ ለዘለዓለም ተተኪዎች ይኖሩታል ብሎ ደንግጓል። በፒዮስ 12ኛ የተሾሙት ካርዲናሎች አልፈዋል። አንተ እንደምትለው ከሆነ ቀጣዩን ጳጳስ የሚመርጥ በምድር ላይ የለም፤ የክርስቶስ ተስፋም በ1958 ቆሟል ማለት ነው። ይህን ልትል አትፈልግም። ሦስተኛ፣ ሳሎን ውስጥ ቁርባን የለም፤ ቤተ ክርስቲያን ና።

አሁን ለሁላችሁም። በዚህ ክር ውስጥ «ትውፊት» ስትሉ ሁላችሁም ላቲኑን ብቻ እያሰባችሁ ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል። በሀገራችን ሥልጣን ትውፊትን ሲረግጥ ምን እንደሚሆን ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነታቸውን አወጁ። በ1625 አልፎንሶ ሜንዴዝ የካቶሊክ ፓትርያርክ ሆነው መጡ። ሕዝቡን እንደገና አጠመቁ፣ ካህናቱን እንደገና ሾሙ፣ አጽዋማቱንና በዓላቱን በሮም አቆጣጠር ሊያደርጉ ተነሡ፣ በግዕዙ ቅዳሴ ላይ እጃቸውን አሳረፉ። ከእሳቸው በፊት ሚሲዮናዊው ፔድሮ ፓኤዝ በትዕግሥት የሠራው ሁሉ በጥቂት ዓመታት ፈረሰ። ደም ፈሰሰ፤ በ1632 ንጉሡ የጥንቱን እምነት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ሜንዴዝ ሥልጣን ነበራቸው፤ ሕጋዊ ነበሩ። የፈረሰው ግን በእሳቸው እጅ ነው። በዚህ ፒዮስ ትክክል ነው፤ ሕጋዊ ሥልጣንም ቤት ያፈርሳል።

ቤቱን ማን መልሶ ሠራ? ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ። ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ መጣ፤ የሀገሩን ልብስ ለበሰ፣ ግዕዙን አከበረ፣ ከሮም ጋር አልተጣላም። ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል፣ ያ ታላቅ ሊቅ፣ በእሱ እጅ ካቶሊክ ሆኖ በ1855 በሰንሰለት ሞተ። ሮምም ተማረች፤ ሊዮ 13ኛ በ1894 የምሥራቁን ሥርዓት ለሚደፍር የላቲን ሚሲዮናዊ ቅጣት ደነገጉ። እናንተ የምትወቅሱት የቫቲካን ሁለተኛ ጉባኤ ደግሞ በኅዳር 1964 ባወጣው ውሳኔ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ወደ አባቶቻቸው ትውፊት እንዲመለሱ አዘዘ። ጉባኤው ለአዲግራቱና ለእምድብሩ ግዕዝ ጠበቃ ነበር። ይህን ሳትጠቅሱ «ጉባኤው ትውፊትን አጠፋ» ስትሉ እኔ ልቀበላችሁ አልችልም።

የሳቢያን ተዋሕዶ

ካቶሊክ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንግዳ ነኝ፤ ካስፈቀዳችሁኝ አንድ ነገር ልበል። ስለ 451ዱ የኬልቄዶን ጉባኤ ልከራከር አልመጣሁም።

በጥር 2015 ዓ.ም. እኛ ላይ የደረሰውን ታስታውሳላችሁ። ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ያለ ቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ 26 ኤጲስ ቆጶሳት ሾምን አሉ። ምክንያታቸውን ሲናገሩ ሕዝቡ በቋንቋው አልተገለገለም የሚል ነበር፤ ጥያቄው ባዶ ነበር አልልም። ሲኖዶሱ አወገዘ፤ በየከተማው ምእመኑ በነነዌ ጾም ጥቁር ለብሶ ጾመ። እኔም ለብሻለሁ። ሰው ሞቷል። በመጨረሻ ስምምነት ተደረገ። ያን ጊዜ የተማርኩት፣ ጥያቄ እውነተኛ ሆኖ ሳለ መንገዱ ቤተ ክርስቲያንን ሊሰነጥቅ እንደሚችል ነው። ስለ 1988ታችሁ ሳነብ ያ ሰሞን ነው የታወሰኝ። እኛ ለ1,600 ዓመት ያህል ጳጳስ ከእስክንድርያ ስንቀበል ኖረን፣ የራሳችንን ሊቀ ጳጳስ ያገኘነው በ1951 ነው፤ ራስን መቻላችን የታወቀው ደግሞ በ1959። አባቶቻችን ያን ሁሉ ዘመን ጠየቁ፣ ለመኑ፣ ተከራከሩ፤ መሰላሉን ግን አልገለበጡም።

በአንድ ነገር ግን ፒዮስን እረዳዋለሁ። ሁሉ ነገር በአንድ ሰው እጅ ሲሆን፣ ያ ሰው ሲሳሳት የሚያርመው ማን ነው? ይህን መልሱልኝ።

ጡረተኛው ምድር ባቡር

ሽማግሌ ስለሆንኩ በጣቴ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። ምድር ባቡር ስሠራ ኖሬ ለገሃር አካባቢ ነው ያረጀሁት።

የላቲኑን ቅዳሴ በልጅነቴ አገልግያለሁ። ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ ካፑቺን (የፍራንቸስካውያን መነኮሳት) አባቶች ነበሩ። «ኢንትሮይቦ አድ አልታሬ ዴይ» ሲሉ መልሱን በቃሌ እመልስ ነበር። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ፈረንሳዩ፣ የሐረር ልጅ፣ ሁሉም አንድ ላይ ተንበርክኮ አይቻለሁ። ያን የናፈቀ ሰው አይሰደብ፤ እኔም ይናፍቀኛል። አማርኛው ሲገባ ያለቀሱ ነበሩ። እናቴ ግን ከዚያ በኋላ ወንጌሉ ሲነበብ ወደ እኔ ዘወር ማለት ተወች፤ ቀድሞ በየመሐሉ «ምን አለ?» ትለኝ ነበር። በገጠሩ ያሉ የኦሮሞ ምእመናንም በቋንቋቸው ሲጸልዩ ሰምቻለሁ፤ እነሱን ወደ ኋላ መልሱ የሚለኝ ካለ አልስማማም።

ስለ መታዘዝ ልበል። ጣሊያን ሐረርን ሲይዝ ፈረንሳዮቹ ካፑቺኖች ወጥተው በጣሊያኖች ተተኩ፤ አባቶቻችን የነገሩን ነው። ያን ያዘነ ብዙ ነበር። ሆኖም ሰዉ የሚያጠምቀው እጅ ተለወጠ ብሎ ጥምቀቱን አልተወም። እናንተ አሁን የምትጣሉበት ከዚያ ይከብዳል? አይመስለኝም።

ፒዮስ_5

ጋሼ፣ እጅ ነሥቻለሁ። እርስዎ ያገለገሉትን ቅዳሴ እኔ በስልክ ብቻ ነው ያየሁት፤ ቁጣዬም ከዚያ ነው። እናቴ ሆይ ወለተ ጽዮን፣ የሜንዴዝን ነገር ስላነሡ አመሰግናለሁ፤ ግን እስቲ ይመልሱልኝ። ሜንዴዝ በግዕዙ ላይ ያደረጉትን ስሕተት ነው ካልን፣ በ1969 ዘመናት ያቆዩትን የሮም ሥርዓት በኮሚቴ መለወጥ ለምን ስሕተት አይሆንም? ቅዱስ ፒዮስ 5ኛ በ1570 ሚሳሉን (የቅዳሴውን መጽሐፍ) ሲያወጡ ከ200 ዓመት በላይ የቆየ የራሱ ልማድ ያለው ሁሉ ልማዱን ይያዝ ብለው ነበር። ሥልጣን ትውፊትን እንዲህ ነው የሚያከብረው። በእኛ ጊዜ ግን የድሮውን የያዘ ሰው ፈቃድ ለማኝ ሆነ።

የገንደ ቆሬ እናት

እኔ የተማርኩ አይደለሁም። ልጄ በዚህ ወር «ቫቲካን እመቤታችንን ዝቅ አደረገች» ብሎ አስለቀሰኝ። እውነት ነው?

ወለተ ጽዮን (ሐረር)

እቴ፣ አይዞሽ። በኅዳር 4 ቀን 2025 የወጣው የእምነት ትምህርት ጽሕፈት ቤት ማብራሪያ ነው፤ ር.ሊ.ጳ. ሊዮ 14ኛ ያጸደቁት። «ተባባሪ ቤዛ» የሚለው መጠሪያ ተገቢ አይደለም ይላል፤ ብቸኛው አዳኝ ክርስቶስ እንዳይጋረድ። እናትነቷን፣ ምልጃዋን፣ ድንግልናዋን፣ ዕርገቷን አልነካም። መቁጠሪያሽን ድገሚ፤ ኪዳነ ምሕረትን አክብሪ። ልጅሽ ወረቀቱን ራሱ እንዲያነብልሽ ጠይቂው፤ ቪዲዮውን ሳይሆን።

ለፒዮስ፦ የ1969ኙ ለውጥ ፈጥኗል፣ አንዳንዱ ጋ ያለ ርኅራኄ ተፈጽሟል ብትለኝ አልከራከርህም። ግን ሜንዴዝ የሌላውን ቤት ሥርዓት ነው የነኩት፤ ጳውሎስ 6ኛ የገዛ የሮም ቤታቸውን ሥርዓት ነው። የሮም ጳጳስ በሮም ሚሳል ላይ ሥልጣን ከሌለው፣ ፒዮስ 5ኛም አልነበራቸውም።

ፍሬምናጦስ ዘድሬ

የሳቢያን ወንድማችን ላነሣው ጥያቄ መልስ ሳንሰጥ አልፈናል። ጳጳሱ ሲሳሳት የሚያርመው ማን ነው? ፍርድ ቤት የለውም፤ ሕጋችን የመጀመሪያው መንበር በማንም አይፈረድበትም ይላል። ይህ እናንተን እንደሚከብዳችሁ ይገባኛል፤ አንዳንዴ እኔንም ይከብደኛል። ነገር ግን ያለ ልጓም አይደለም። ከእሱ በፊት የተደነገገው ሁሉ ያስረዋል። አደራው ከእሱ ይቀድማል። ሲደክምም የሚናገሩት ቅዱሳን ተነሥተዋል፤ የሲየናዋ ቅድስት ካታሪና ለጎርጎርዮስ 11ኛ ከአቪኞን ወደ ሮም ይመለሱ ዘንድ ያለ ፍርሃት ስትጽፍላቸው ኖራለች። ደብዳቤዋ ይቆርጣል፤ እሷ ግን አባቷን «አባቴ» ከማለት አላቋረጠችም። በ1377 ተመለሱም። የእኛ መሣሪያ ይህ ነው፦ ጸሎት፣ ደብዳቤ፣ ዕንባ፣ ግልጽ ንግግር፣ ትዕግሥት።

ዘመኑም ያን ያህል አልጨለመም። ሊዮ 14ኛ በግንቦት 8 ቀን 2025 ተመርጠው ሳምንት ሳይሞላቸው ለምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ምእመናን ሲናገሩ፣ ሥርዓታችሁን ጠብቁ፣ ለምቾት ብላችሁ አታቅጥኑት፣ በእናንተ ዘንድ ሕያው የሆነው የምሥጢር ስሜት ለቤተ ክርስቲያን ያስፈልጋታል አሉ፤ የሊዮ 13ኛንም የ1894 ደብዳቤ ጠቀሱ። ምርጫው ላይ የእኛው ካርዲናል ብርሃነ ኢየሱስ ነበሩበት። በጥቅምት ወር ደግሞ ካርዲናል በርክ በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ የድሮውን ቅዳሴ ቀደሱ። ስለዚህ ተስፋ ቆርጦ ሳሎን መቀመጥ አሁን የባሰ ትርጉም የለውም።

አሁን ወደ ሥራ። ለአቡናችን ደብዳቤ ላዘጋጅ አስቤአለሁ። ሁለት ልመና ብቻ። መጀመሪያ፣ አሁን ያለውን የሮም ሚሳል በወር አንድ እሑድ በላቲን እንዲቀደስልን። ለዚህ የሮም ልዩ ፈቃድ አይጠየቅም፤ አንቀጽ 928 በላቲን መቀደስን ይፈቅዳል፣ ጉባኤው ራሱ በ1963 ላቲን ይጠበቅ፣ ለጎርጎርዮሳዊው ዜማ ቀዳሚ ስፍራ ይሰጠው ብሏል። ሁለተኛው የ1962ቱ ሚሳል ነው፤ ያን በደብር ቤተ ክርስቲያን ለመፍቀድ አቡናችን ብቻቸውን አይበቁም፣ ወደ ሮም መጠየቅ አለባቸው። እንዲጠይቁልን እንለምናለን። በመጨረሻ ላይ «የሚወስኑትን በልጅነት እንቀበላለን» የሚል አለበት። የሚፈርም?

ጡረተኛው ምድር ባቡር

እፈርማለሁ። የላቲኑን መልስ ለልጆቹ የማስተምረውም እኔ ነኝ፤ ድምፄ ሳይዘጋ።

ፒዮስ_5

ሁለቱንም ልመና እፈርማለሁ። የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ግን አውጣት። መልሱ ሳይመጣ አስቀድሜ «እቀበላለሁ» ብዬ መፈረም ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። «እምቢ» ቢሉን የድሮው ቅዳሴ ስሕተት ነበር ብዬ የተቀበልኩ ይመስላል።

ፍሬምናጦስ ዘድሬ

ስሕተት ነበር አትልም፤ ማንም አይልህም። የምትለው ውሳኔው የእሳቸው ነው ብቻ ነው። ያቺ ዐረፍተ ነገር ከወጣች ወረቀቱ ልመና መሆኑ ይቀርና ማስጠንቀቂያ ይሆናል፤ እኔ ደግሞ ለአባቴ ማስጠንቀቂያ ይዤ አልገባም። እንዲህ ላድርጋት፦ «ሐዘናችንን ሳንደብቅ፣ ውሳኔዎን በልጅነት እንቀበላለን።» ሐዘኑ ይጻፍ፤ መታዘዙም ይጻፍ።

ወለተ ጽዮን (ሐረር)

እንዲህ ከሆነ እኔም እፈርማለሁ፤ ሦስተኛ ልመና ጨምሩልኝ እንጂ። በዓመት አንዴ እንኳ የግዕዝ ሥርዓት ካህን ከአዲስ አበባ ተጋብዞ ሐረር ላይ ይቀድስልን። ልጆቻችን የአባ ገብረ ሚካኤልን ቅዳሴ ሳያዩ አይደጉ።

ፍሬምናጦስ ዘድሬ

ተጨመረ። ረቂቁን እዚሁ እለጥፋለሁ፤ ፊርማው ግን በወረቀት ነው። ለቆሞሱ አስቀድመን እናሳያቸዋለን፤ ከእሳቸው ጀርባ አንሄድም። የድሬዎቹ እሑድ ከሁለተኛው ቅዳሴ በኋላ፣ የሐረሮቹ በወለተ ጽዮን በኩል።

ፒዮስ_5

እሑድ እመጣለሁ። ሳሎኑ ውስጥ የሚቀረውንም ወንድም ይዤው እመጣለሁ፤ ጎረቤቴ ነው። ፊርማውን እዚያው ስንገናኝ እንነጋገርበታለን።